ሳሙናው ላይ የተጫነው ዘይት

የሒሳብ ሠራተኛዋ ዊሳል እስክሪብቶዋን ወርውራ ግንባሯን በሁለት እጇ ያዘች። የሳሙና ፋብሪካው ባለቤት ሐጂ ሙኒብ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ያንቀጫቅጫሉ። ሳሙናው ከሰረ ብለው ነገ ፋብሪካውን ዘግተው ሕንፃውን ለሆቴል ሊያከራዩት ነው፤ ታች የሳሙናውን ድስት የሚያማስሉት ሠራተኞችም ሊበተኑ ነው። ሳሙናው ግን አልከሰረም! ይህን ለማስረዳት ከጠዋት ጀምሮ ምላሷ ደርቋል።

«ሐጂ፣ ስሙኝማ። ከማጠራቀሚያው የወጣውን ዘይት ሁሉ ሳሙና እንደተሠራበት አድርገን ነው የምንመዘግበው። ዘይቱን ክሬዲት፣ ሳሙናውን ዴቢት፤ ወጪው ሁሉ ሳሙናው ላይ ይጫናል። ግማሹ ግን ድስቱን አይቶት አያውቅም።»

«የት ገባ ታዲያ? እኔ ጠጣሁት?»

«እህቶችዎ ቤት ገባ!»

በከተማቸው በናብሉስ ይህን የማያውቅ የለም። የሐጂ አባት ሲሞቱ አምስቱ እህቶቻቸው እንደ አገሩ ወግ የውርስ ድርሻችን ይቅርብን ብለው ለወንድማቸው ተዉላቸው፤ በምትኩ በየዓመቱ ጀሪካናቸውን ይዘው መጥተው ዘይት ይሞላሉ። ዊሳል ወጉን አልጠላችውም። ያንገበገባት ዘይቱ ሁሉ ምስኪኑ ሳሙና ላይ መጫኑ ነው።

«እሺ፣ ከሳሙናው ላይ አንሺው» አሉ ሐጂ።

«ላንሳው፤ የት ላድርገው? ከአንዱ ሲነሳ ሌላው ላይ መቀመጥ አለበት። ስጦታ ልበለው?»

«ስጦታ ካልሽውማ ዘመድ ሁሉ ጀሪካን ይዞ ይሰለፋል።»

«ብድር?»

«ለእህቶቼ አበድሬ? ልታዋርጂኝ ነው?»

«እንግዲያው የድርሻቸው ትርፍ ነው።»

«አፍሽን ዝጊ! ድርሻ አላቸው ልትይ ነው?»

ዊሳል ልትጮህ ምንም አልቀራት። ይህኔ በሩ ተከፈተና ታላቅ እህታቸው ናዒማ ባዶ ጀሪካን እየጎተቱ ገቡ። ጭቅጭቁን ከደረጃው ጀምረው ሰምተውታል።

«ምን ተብዬ እንደምጻፍ እኔም ልስማ እስቲ» ብለው ቁጭ አሉ።

«እትዬ፣ ይሄ የሒሳብ ጉዳይ ነው» አሉ ሐጂ።

«ሒሳቡ እኔው አይደለሁ እንዴ?»

ሐጂ እህታቸውን አዩ፤ መዝገቡን አዩ። «ተዪው» አሏት ዊሳልን። «ሳሙናው ላይ መልሰሽ ጻፊው። ይክሰር።»

ዊሳል ጆሮዋን ማመን አቃታት። ሰውዬው የእህቶቹን ስም ከሚያስጽፍ ፋብሪካውን ሊዘጋ!

ናዒማ ጀሪካኑን ሳያስሞሉ ተነሱ። «ደግ አደረግህ። ነገ ውሉን ስትፈራረሙ ግን እኛንም ጥሩን። ሕንፃው እስከዛሬ በአባባ ስም ነው፤ ያለ እኛ ፊርማ አይከራይም። ይቅርብን ያልነው የአባባ ድስት እንዳይበርድ ብለን ነው እንጂ ለሆቴልህ አይደለም።»

ሐጂ ፊታቸው ቀላ። እህታቸው በሩ ጋ ደረሱ።

«ዊሳል፣ ጻፊ!»

«ምን ብዬ?» ታውቀዋለች፤ ግን ከአፋቸው መስማት ፈለገች።

«ድርሻ ብለሽ፣ አንቺ ደረቅ!»

ናዒማ እጃቸው እጀታው ላይ እንዳለ ቀሩ። «ያምስታችንንም ስም» አሉ ሳይዞሩ። «አንድ በአንድ።»