በመድን ደብተሩ ላይ ያለችው ቦሰና

እና ሦስት ፍሬ ነው የቀረው፣ ዛሬ፣ ነገ፣ ከነገ ወዲያ፣ ከዚያስ፣ ከዚያማ ባዶ ማሸጊያ። ጀዊሪያ ወረዳው ጽሕፈት ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጣ እጇን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ክኒኖቹን ትዳስሳለች፣ ቢዳሰሱም ያው ሦስት ናቸው፣ ዶክተሩ አምስት ዓመት በየቀኑ ብሏታል፣ አንድም ቀን እንዳይዘለል፣ ጡቷ ተቆርጦ ኬሞው ካለቀ ወዲህ ሁለቱን ዓመት አንዲትም ቀን ሳትዘል ውጣለች፣ በረመዳን እንኳ ሳይነጋ በስሁር ሰዓት እየተነሳች፣ እና አሁን በስም ምክንያት ልትዘል ነው። በስም!

ጠዋት ነው ይሄ የመጣው፣ ሆስፒታሉ ፋርማሲ መስኮት ላይ፣ ሠርካዲስ፣ ያቺ ሁልጊዜ ፈገግ የምትለው ፋርማሲስት፣ ኮምፒውተሩን አይታ፣ እሷን አይታ፣ ደግሞ ኮምፒውተሩን አይታ፣ እናቴ፣ ማዘዣው ጀዊሪያ ይላል፣ መታወቂያዎም ጀዊሪያ ይላል፣ ጤና መድኑ ላይ የተመዘገበችው ግን ቦሰና ናት፣ ታዲያ ቦሰና እኔ አይደለሁም እንዴ ልጄ፣ ፎቶዬን እያየሽው፣ እኔማ አውቅዎታለሁ፣ ዘንድሮ ግን በኮምፒውተር ሆኗል፣ ስሙ ካልገጠመ አያሳልፈኝም፣ ወረዳ ሄደው ያስተካክሉና ይምጡ፣ መድኃኒቱ እንደሆነ አለ።

አለ። ያናደዳት ይሄ ነው። ባይኖርማ ታውቅበታለች፣ የለም የሚል ማኅተም ታስመታለች፣ ከውጭ ትገዛለች፣ ደረሰኙን ይዛ መድኑ ቢሮ ትሄዳለች፣ ትሰለፋለች፣ አለ ግን ላንቺ አይደለም ሲሏት ምን እንደሚደረግ ማን አስተማራት። በራስሽ ገንዘብ ግዢው ይሏት ይሆናል፣ አንድ ወር ትገዛ፣ ሁለት ወር ትገዛ፣ ሦስት ዓመት እኮ ነው የቀራት።

ይህን ሁሉ የሚያውቀው ሸምሰዲን ነበር። ባሏ። ሽሮ ሜዳ የሸማ ሱቃቸው ውስጥ በርጩማው ላይ ተቀምጦ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ፣ ስሚኝ ቦሰና፣ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ሪፈር ሳትይዢ ሆስፒታል ብትሄጂ መድኑ አይሸፍንልሽም፣ እድሳቱን በወቅቱ፣ ማኅተም የሌለው ወረቀት ወረቀት አይደለም፣ ሰማሽ፣ እሺ እሺ ትለዋለች ጋቢውን እያጣጠፈች፣ ምኑን ትሰማለች፣ እሱ አለ አይደል። ኬሞውን ስትጀምርም የሚይዛት እሱ ነበር፣ አፏ ሁሉ ቆስሎ ውኃ እንኳ አልወርድ ሲላት በአንድ እጁ ብርጭቆውን በአንድ እጁ ክኒኑን ይዞ ፊቷ ቁጢጥ ይላል፣ በይ ቦሰና፣ ዋጪ፣ አልችልም፣ ትችያለሽ፣ ዋጪ። ትቆጣዋለች። ትውጠዋለች። ከዚያ ጤነኛው እሱ አንድ ጁምዓ ከመስጊድ ሲመለስ ወድቆ ቀረ፣ አላህ ይርሀመው፣ አሥራ አራት ወሩ፣ በሽተኛዋ ተርፋ ክኒን ትቆጥራለች።

ስህተቱስ የማን ሆነና። የሱ አይደል። መዝጋቢዋ ሴትዮ ደብተሯን ከፍታ የባለቤትህ ስም ስትለው፣ ቦሰና፣ አለ ሳያስብ፣ ሌላ ምን ሊል ነው፣ ሌት ተቀን በዚህ ስም ሲጠራት የኖረ ሰው፣ ጀዊሪያ የምትባል ሴት ቤቱ እንዳለች ረስቶት ነበር፣ ወላሂ ረስቶት ነበር፣ እሷስ፣ እሷም እኮ አጠገቡ ቆማ ነበር፣ አላረመችውም፣ ለሷም ጆሮ ልክ ነበር።

መጀመሪያ ግን ስሙን እንዴት ጠልታው ነበር! ሃያ ሁለት ዓመቷ፣ የሸጎሌ ልጅ፣ ፀጉር ቤት ሄዳ ካስክ የገባች፣ በሠርጓ ማግስት ጠዋት አማቷ እማ ዘሀራ፣ ከወሎ ይዘውት በመጡት ለሙሽራ አዲስ ስም የማውጣት ወግ፣ አናቷ ላይ ቅቤ አድርገው፣ ማር የነካ ጣታቸውን አፏ ውስጥ ከተው፣ ጀዊሪያ ለአባትሽ ቤት ይሁን፣ እዚህ ቤት ቦሰና ነሽ፣ አሏት። ቦሰና! የአሮጊት ስም። ጓደኞቿ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁባት፣ ያን ሰሞን ሙሉ ማታ ማታ አልቅሳለች፣ ሸምሰዲንን እናትህን አንድ በላቸው ብላ ነዝንዛዋለች፣ እሱ ደግሞ እየሳቀ፣ ቦሰና አታልቅሺ። እያደር ግን፣ እያደር ነው እንጂ፣ ልጅ ስትወልድ እማ ዘሀራ በራፍ ላይ ቆመው ቦሰናዬ እንኳን ማረሽ ሲሏት፣ ጎረቤቱ ቦሰና ሽንኩርት አበድሪኝ ሲል፣ ሸማኔው ሾዴ ጋቢውን ተሸክሞ ገና ከሩቁ ቦሰና ብሎ ሲጮህ፣ በቃ ስሙ ልቧ ገባ፣ ያ ግቢ እንዴት ይሞቅ ነበር፣ ይናፍቃታል፣ እውነቱን ለመናገር ጡቷን እንኳ የዚያን ያህል አልናፈቀችውም።

ዮናስ፣ የወረዳው የመድን ሠራተኛ፣ ጥሩ ልጅ ነው፣ አልተቆጣም፣ ሁለት መንገድ አለ እናቴ አላት፣ አንደኛው ሁለቱም ስሞች የአንድ ግለሰብ መጠሪያ መሆናቸውን በሁለቱም የሚያውቁዎት ሦስት ምስክሮች ቀርበው ማረጋገጥ፣ እሱ ኮሚቴ ያየዋል፣ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፣ ሁለተኛው በመታወቂያዎ መሠረት ቦሰናን ሰርዘን ጀዊሪያን እንተካለን፣ እሱ አሁኑኑ ያልቃል፣ ያስቡበት። ምኑን ታስበዋለች፣ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ክኒን። ምስክርስ ከየት። እማ ዘሀራ ከሞቱ ስምንት ዓመታቸው፣ ጎረቤቱ ሰፈሩ ሲፈርስ በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል፣ ሾዴ ዓይኑ ደከመና ባለፈው ዓመት ወደ አገሩ ገባ፣ ስልክ እንኳ የለውም፣ በዚያ ስም የሚጠራት አንድም ሰው የለ፣ አሁን ገና ነው የገባት፣ ይህ ደብተር ብቻ ነው የቀረው።

ስልኳ ይጠራል፣ ልጇ ኡመይማ ናት፣ እማ ምን ሆነ፣ ቦሰናን እንሰርዛት ይሉኛል፣ ታዲያ ይሰርዟታ፣ ስም እኮ ነው፣ ክኒኑን ይዘሽ ነይ፣ እማ፣ እማ እያለቀስሽ ነው እንዴ፣ አይ ጉንፋን ነው፣ ዝጊው።

ልክ ናት ልጅቷ። ሸምሰዲንም ቢኖር ይሄንኑ ይል ነበር፣ ክኒኑ ነው ቁም ነገሩ ቦሰና፣ አትጃጃይ።

ትነሳለች፣ ጉልበቷ ይንቋቋል፣ ዮናስ ጠረጴዛ ላይ ደብተሩን ታስቀምጣለች፣ ሰርዛት ልጄ። እሺ እናቴ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ይነካካል፣ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ቦሰና አለቀላት፣ ከዚያ ደብተሩን ይገልጣል፣ ቀይ እስክሪብቶ ያነሳል፣ እና ጀዊሪያ እጇን ትዘረጋለች፣ ቆይ፣ ቆይ የኔ ጌታ፣ አታጥፋው፣ በአንዲት ቀጭን መስመር፣ እንዲነበብ አድርገህ ሰርዘው። ዮናስ ቀና ብሎ ያያታል።  ማስመሪያ ይፈልጋል፣ ቀስ ብሎ ያሰምራል፣ ከላዩ ጀዊሪያ ብሎ ይጽፋል፣ ማኅተሙን ያሳርፋል፣ ማኅተም ያለው ወረቀት፣ ወረቀት ነው።

ታክሲ፣ ሰልፍ፣ መስኮቱ። ጀዊሪያ! ሠርካዲስ ትጣራለች፣ ጀዊሪያ! ማንን ነው ትላለች በሆዷ፣ ከጎኗ ያለችው ሴትዮ በክርኗ ስትነካት ነው ደንግጣ የምትነሳው፣ የሦስት ወሩን ትቀበላለች፣ ቦርሳዋ ከበድ ይላል፣ አልሀምዱሊላህ። ግቢው ውስጥ ቧንቧው አጠገብ ትቆማለች፣ የዛሬውን ገና አልወሰደችም፣ አንዷን ፍሬ ትፈለቅቃለች፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ የያዘችውን ውኃ ትከፍታለች፣ ሰው ያልፋል፣ ይለፍ፣ በይ ቦሰና፣ ትላለች ድምፅ አውጥታ፣ በይ፣ ዋጪ፣ ትውጣለች።