ያልታጠበው ፎሶሊያ

በጃንሆይ ዘመን መገባደጃ ላይ፣ ከኮልፌ ወደ ቀራንዮ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ የፎሶሊያ መጋዘን ተከፍቶ ነበር። ፎሶሊያው ከቀራንዮ ገበሬዎች ተገዝቶ ይመረጥና በካርቶን ታሽጎ በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ ይሄዳል። የመጋዘኑ ኃላፊ አልማዜ የአንድ የኮልፌ ጉራጌ ነጋዴ ልጅ ናት። ሳቂታ ብትሆንም በሥራዋ ቀልድ አታውቅም።

አንድ ጠዋት አቶ ወዬሳ ፎሶሊያቸውን በአህያ ጭነው መጡ። በቀራንዮ ቃላቸው የሚደመጥ ሽማግሌ ናቸው። ባሕር ማዶ የሚሄድ ነገር አቧራ ይዞ መሄድ የለበትም ብለው፣ ማልደው ወንዝ ወርደው ፎሶሊያውን አጥበውታል። ቅርጫቱ ውሃ ያንጠባጥባል።

አልማዜ አንዷን ፎሶሊያ አንስታ አሸተተቻት።

«አባባ፣ የት ነው ያጠቡት?»

«ወንዝ ነዋ! እንዴት እንዳማረ አታይም?»

«ማማሩንስ አምሯል። ግን አልቀበልዎትም። በወንዝ ውሃ የታጠበ ነገር የሚበላውን ሰው ያሳምማል። ደግሞ እንዲህ እንደራሰ ካርቶን ከገባ መንገድ ላይ ይበሰብሳል።»

የወዬሳ ፊት ተለዋወጠ። ሰው ፊት መመለስ ለእሳቸው ውርደት ነበር።

«ያደግኩበትን ወንዝ ነው ቆሻሻ ያልሽው?» አሉና አህያቸውን አዙረው ሄዱ።

ወሬው ቀራንዮን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። «ወዬሳን የመለሰች ለእኛ ትመለሳለች?» እያለ ገበሬው ሁሉ ቀረ። አውሮፕላኑ የሚነሳበት ቀን ሲቃረብ መጋዘኑ ውስጥ የነበረው ባዶ ካርቶን ብቻ ነው።

አልማዜ ጨነቃትና ወዬሳ ቤት ሄደች። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«አባባ፣ ሰው ፊት ስለመለስኩዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስለ ውሃው ግን ቃሌን አላጥፍም።»

«እኔም አላጥፍም! ውሃው ንጹሕ ነው።»

ባለቤታቸው ወይዘሮ ከበደች ከጓሮ ሆነው ይሰሙ ነበር። ጣሳ ይዘው ወንዝ ወረዱ፤ ሞልተው ተመለሱና ለባላቸው ሰጧቸው።

«በል ጠጣ።»

«ምን?»

«ንጹሕ ነው አላልክም? ጠጣና ልጅቷን አሳፍራት።»

ወዬሳ ጣሳውን ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ የሳሙና ሽታ ሸተታቸው። አንገታቸውን አስግገው ወደ ወንዙ አዩ። ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። ከእነሱ ከፍ ብሎ የጎረቤት በሬዎች ውሃው መሃል ቆመዋል፤ አንደኛው ጅራቱን ቀና አደረገ። ወዬሳ ጣሳውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡት። ከዚያ ሳቅ አመለጣቸው። ሦስቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«እኔ ያልደፈርኩትን እንዴት ለሰው እልካለሁ!» አሉ ወዬሳ። «እሺ ልጄ፣ ምን ይሻላል?»

«ጤዛው እንደደረቀ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ ይለቀም። የሚለቅመው ሰው እጁን በምንጭ ውሃና በሳሙና ይታጠብ። ፎሶሊያው ግን አይታጠብ፤ በንጹሕ ቅርጫት ጥላ ሥር ይቀመጥ።»

ወዬሳ ቤት ለቤት ዞረው ገበሬውን አሳመኑ። መጋዘኑ ሞላ። እሳቸውም ማንቆርቆሪያና ሳሙና ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። ካሚዮኑ ሊጫን ሲል መጋዘኑን የከፈተው ድርጅት ሥራ አስኪያጅ መኳንንት ከፒያሳ መጣና ሰተት ብሎ ሊገባ ሲል ወዬሳ በከዘራ አገዱት።

«እጅህን ታጠብ!»

«እኔ እኮ የድርጅቱ ሥራ...»

«ሥራ አስኪያጅም እጅ አለው። ቀለበትህንም አውልቅ።»

መኳንንት አድኚኝ በሚል ዓይን አልማዜን ተመለከታት። እሷ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ቀለበቱን ኪሱ ከተተና እጁን ዘረጋ።

ፎሶሊያው በደህና ደረሰ። መኳንንት ምሥራቹን ይዞ ሲመጣ ፎሶሊያ መራጮቹ ሴቶችና ከበደች እልል አሉ። ወዬሳን ግን አንድ ነገር ከንክኗቸዋል።

«ለመሆኑ እዚያ እንዴት አድርገው ነው የሚበሉት?»

«ቀቅለው፣ ጨው ነስነስ አድርገው» አለ መኳንንት።

«በቃ?»

«አንዳንዴ ቅቤ ጣል ያደርጉበታል።»

ከበደች ከንፈራቸውን መጠጡ። «ምስኪኖች! አልማዜ፣ ቃሪያስ አይላክላቸውም?»

«እስቲ እንጠይቃለን፣ እማማ» አለች አልማዜ እየሳቀች።

ወዬሳ መልሱን አልጠበቁም። በዚያው ሳምንት ለቃሪያው መደብ መቆፈር ጀመሩ።