ለሳልህ የታዘዘ ወተት

እቶን ላይ የምንሠራ ሰዎች ጅሎች ነን፤ ራሴንም ጨምሬ ነው የምለው። የሸዋ ሮቢት ሙቀት ያነሰን ይመስል፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ፋብሪካ ውስጥ ቁርጥራጭ ብረት ስናቀልጥ እንውላለን። ለጭሱ ተብሎ በቀን ግማሽ ሊትር ወተት ይሰጠናል። ከደረት ጠርጎ ያወጣዋል ይሉናል፣ እኛም አምነናል። ወተቱ የዘገየ ቀን ፋብሪካው በጩኸት ይናጣል። የአፍ መሸፈኛ ከጠፋ ዓመት ሞልቶታል፣ ስለሱ ግን ትንፍሽ ያለ የለም።

ሳልህ የቀወት ሰው ነው፤ አሥራ ሰባት ዓመት እቶን ፊት ቆሟል። በረጀብ ወር ደረቱን ጨምቆ ይይዘው፣ ግራ እጁን ያደነዝዘው ጀመር።

«ጨጓራ ነው» አልኩት፣ የተማርኩ ይመስል። «በርበሬ ቀንስና ወተትህን ጠጣ።»

ሚስቱ ዙልፋ እንደኛ አይደለችም። እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሟ ልቡ መታመሙን፣ ከሙቀትና ከጭስ ካልራቀ ሊሞት እንደሚችል ጽፋ ሰጠችው።

ወረቀቱን ይዘን ሥራ አስኪያጁ ኢንጂነር ናሆም ዘንድ ገባን። ናሆም ከቢሮው ቅዝቃዜ የሚወጣው እንግዳ ሲያስጎበኝ ብቻ ነው።

«ጋሽ ሳልህ፣ እርስዎን የሚያህል አቅላጭ ከየት ላምጣ?» አለና ወረቀቱ ጀርባ ላይ ‹ወተቱ አንድ ሊትር ይደረግለት› ብሎ ጽፎ ማኅተም መታበት።

«ጥበቃ ላይ እንኳ ቢመድቡት» አልኩ።

ሳልህ በክርኑ ጎሸመኝ። «ዘበኛ ልታደርገኝ ነው? ወላሂ፣ እሳቱ ፊት ብሞት ይሻለኛል።»

ወጥቶ ማኅተሙን ለሁሉም አሳየ። ቀናንበት። በማግስቱ ሁለት ሰዎች ደረታቸውን ይዘው ናሆም በር ላይ ተሰለፉ፤ ምንም አላመማቸውም።

ሳምንት ሳይሞላ፣ ረፋድ ላይ፣ ሳልህ የቀለጠውን ብረት እያማሰለ ተንበረከከ፤ ከዚያ በጎኑ ወደቀ። ባጃጅ እስክንጠራ ነፍሱ ወጣች። ናሆም እየሮጠ መጣ። ሳልህን አንዴ ጎንበስ ብሎ አየው፣ ቀና ብሎ እቶኑን አየ።

«ብረቱ ሊረጋብን ነው» አለ። «ማን ይተካው?»

በሆዴ ናቅሁት። የሳልህን ዓይን ከደንኩለት። ከዚያ ጓንቱን ከእጁ አወለቅሁ፤ ውስጡ በላብ ርሶ ገና ይሞቃል። አጠለቅሁትና ቦታው ላይ ቆምኩ።