አቡጀዴ ሲቀደድ

ሐጀራ የባሌት ዳንስ ሙዚቃ ጽፋ ጨረሰች። ስልሳ ሁለት ሰው የሚጫወተው፣ ሃምሳ ደቂቃ የሚፈጅ፣ ጎራዴውን መዝዞ ከጣሪያ ጣሪያ ስለሚዘል አንድ ጀግና የሚተርክ ሙዚቃ ነው። አባቷ ጋሼ ጠሀ አንዋር መስጊድ ጀርባ ጨርቅ መሸጥ ከጀመሩ ሠላሳ አራት ዓመታቸው ነው። ልጃቸው ሙዚቃ እንደምትጽፍ ያውቃሉ፤ ጀግና እንዳለበት የሰሙት ግን ትርኢቱ ሊታይ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ሱቅ መጥታ ጨርቅ ስትጠይቃቸው ነው።

ኖታውን ባንኮኒው ላይ ዘረጋችላቸው። ገጹ ከላይ እስከ ታች ጠቁሯል፤ መሐል ላይ ግን አንድ ሳጥን ባዶ ነው። ጋሼ ጠሀ ጣታቸውን ባዶው ላይ አሳርፈው፣ እዚህ ጋ ደክሞሽ ነው ወይ ብለው ጠየቋት።

አልደከማትም። እዚያ ጋ የክፉው ገዥ ጎራዴ የጀግናውን ካባ ይቀደዋል። ስልሳ ሁለቱም ሰዎች ዝም ይላሉ፤ የሚሰማው የጨርቁ ድምፅ ብቻ ነው። እስከዚያ ማንንም ያልፈራው ሰውዬ የሚፈራውም ያኔ ነው። ችግሩ ካባው አልቀደድ አለ። ፖሊስተር ስለሆነ ጎራዴው ሲስበው ተለጠጠ፣ ጀግናውም አብሮ ተጎተተ። በሁለተኛው ልምምድ እንደ ሕፃን ጫማ ተለጥፎ የሚከፈት ማሰሪያ ተሰፋበትና ድምፁም የሕፃን ጫማ ሆነ። መለከት ነፊው ሳቀ። ሐጀራ ቤቷ ገብታ አለቀሰች።

ጎረቤታቸው ዱባለ መጋረጃ ሻጭ ነው፤ የሰው ችግር ሲሰማ ዝም ብሎ መቀመጥ አይሆንለትም። ካለው ጨርቅ ሁሉ ቁራጭ ቁራጭ አመጣ። ጋሼ ጠሀ እንደ ልማዳቸው የእያንዳንዱን ጫፍ በመቀስ እየነኩ በሁለት እጃቸው ይስቡታል፤ ሐጀራ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። አንዱ ተለጠጠ፣ አንዱ ተተረተረ፣ አንዱ ጭራሽ ድምፅ አልነበረውም። ዱባለ በጨርቆቹ ፈንታ አፈረ።

ደህና ጨርቅ ግን ነበረ። ላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ፖሊስተር ያልነካው የድሮ አቡጀዴ ተቀምጧል። ጋሼ ጠሀ አምና ወንድማቸውን ከቀበሩ በኋላ ከመጨረሻው ጣቃ ላይ ለራሳቸው መገነዣ፣ ለከፈን ያስቀሩት ነው። የወንድ ከፈን ሦስት ጨርቅ ስለሆነ ሦስት አድርገው ቀደዋል። ሐጀራ ይህንን ታውቃለች። ወደ መደርደሪያው አንዴ ቀና አለች፣ አቀረቀረች፣ ኖታዋን መሰብሰብ ጀመረች።

ብትጠይቃቸው እምቢ ለማለት ተዘጋጅተው ነበር። ስላልጠየቀች ተናደዱ። መሰላል አምጥተው ወጡና አንዱን ጨርቅ አወረዱ። ትርኢቱ ሦስት ቅዳሜ መሆኑን ስትነግራቸው፣ ለመጀመሪያው ይኸው፣ የቀሩትን ሁለቱን ራስሽ ፈልጊ አሏት።

ቅዳሜ ከሰዓት ጋሼ ጠሀና ዱባለ ሱቃቸውን ዘግተው ሄዱ። ጀግናው እውነትም ይዘላል። ጋሼ ጠሀ ሱሪው በጣም እንደጠበበ ታዘቡ፤ ዱባለም ጨርቅ ቆጥበው ነው ብሎ አስረዳቸው። ከበሮው እየፈጠነ ሄዶ ገዥው ጎራዴውን ሰነዘረ፤ ሙዚቃው ቀጥ አለ።

አቡጀዴው ተቀደደ።

ድምፁ ከመድረኩ ተነስቶ የኋላው ግድግዳ ድረስ ሄደ። ጋሼ ጠሀ ይህንን ድምፅ በቀን መቶ ጊዜ አውጥተውታል፤ ሰው የራሱን ማንኮራፋት እንደማይሰማ ሁሉ እሳቸውም አንድም ቀን ሰምተውት አያውቁም። ሐጀራ ግን ከትምህርት ቤት መልስ ባንኮኒው ሥር ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ስትሠራ፣ ከራሷ በላይ ሲቀደድ የኖረው ይኸው ነበር።

«አንድ ሜትር ከሃምሳ ነው» አለ ዱባለ በሹክሹክታ።

«አንድ ከአርባ» አሉ ጋሼ ጠሀ። እንባቸው እየወረደ ነበር፤ ልኩ ግን ልክ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሐጀራ የቀረውን ሁለት ቅዳሜ በምን እንደምትወጣው እያሰበች ሱቅ ስትደርስ፣ ሁለቱ ጨርቆች ባንኮኒው ላይ ጠበቋት። ጫፋቸው በመቀስ ተነክቷል።

«እርስዎስ፣ አባባ?»

«ለእኔ የዱባለ ፖሊስተር ይበቃኛል። ያኔ ድምፁን የምሰማው እኔ አይደለሁም» አሉና መሰላሉን አጥፈው ወደ ቦታው መለሱት።