ለአንድ ሰው የተሰፋ ከረጢት

ፍራሽ ሰፊው ሚስቱን ከቀበረ አራት ዓመት አለፈው። በነዚህ ዓመታት አንዲት ልጁ በየወሩ መጨረሻ ትደውላለች። ደህና ነህ ወይ ትለዋለች፣ ደህና ነኝ ይላታል፣ ስልኩ ይዘጋል። አንድ ቀን ግን ደህና ነኝ ካለ በኋላ ስልኩ አልተዘጋም። እሷና ባሏ ትንሿን ልጃቸውን ይዘው ሐይቅ ዳር ሊወጡ ነው፤ ሁለት ሌሊት ድንኳን ውስጥ ሊያድሩ። አየሩ ለስላሳ ነው፣ ዝናብ የለም፣ ትርፍ ድንኳን አላቸው። አብረኸን ትመጣለህ ወይ አለችው።

ሳያስብ እመጣለሁ አላት። እሱ የእግዜር ሰላምታ እንኳ አስቦ የሚመልስ ሰው ነው።

የጎደለው አንድ ዕቃ ብቻ እንደሆነ ነገረችው፤ ስሊፒንግ ባግ። መኪናው ከሚቆምበት እስከ ሐይቁ ሦስት ሰዓት በእግር ስለሚኬድ ቀላል ይሁን አለችው። ምን ዓይነት ነገር ነው ብሎ ሲጠይቃት፣ ሰው ገብቶበት የሚተኛበት ከረጢት ነው አለችው።

«እህል ነኝ እንዴ ከረጢት የምታስገቢኝ?»

ሳቀች። ሳቋን ከሰማ ቆይቷል። እየሳቀች ስልኩን አስቀመጠችው፤ መዝጋቱን ግን ረሳችው። ከዚያ የአማቹ ድምፅ መጣ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የፍራሽ ሰፊው ጆሮ ግን ያን ቀን ዘመድ ሆኖ አረፈው። አማቹ ክፉ ሰው አይደለም፣ የተናገረውም ክፉ አልነበረም። ሦስት ሰዓት ይችላል ወይ አለ። እኔ ልጅቷን አዝዬ፣ አንቺ ድንኳኑን ተሸክመሽ፣ የእሱን ሸክም ማን ይይዝለታል አለ። ለዚህ ጊዜ ይምጣ፣ ከከበደን ግን ሁለተኛ አይሆንም አለ። ልጁ የመለሰችው አልተሰማም።

ፍራሽ ሰፊው ስልኩን በራሱ እጅ ዘጋ። ነገሩ ገባው። የራሱን ሸክም ራሱ ተሸክሞ፣ ከማንም ኋላ ሳይቀር፣ ማንንም ይሄን አምጡልኝ ሳይል ሄዶ መመለስ አለበት። ያኔ ሁለተኛም ይጠሩታል። ካልሆነ የወር መጨረሻው ስልክ ይበቃዋል።

በማግስቱ ጠዋት የጉዞ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ሄደ። ከረጢቶቹ ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል፤ እንደታረደ በግ አናታቸው ወደ ታች። ሻጯ ወጣት ናት፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ሳጥን ትፈታለች። የመጀመሪያ ጥያቄዋ ለአንድ ሰው ነው ወይስ ለሁለት የሚል ነበር። አንዱ በግራ ሌላው በቀኝ የሚከፈት ከሆነ ሁለቱን ዚፕ ለዚፕ ማጋጠም ይቻላል፣ ባልና ሚስት እንደዚያ ነው የሚገዙት አለችው።

«ለአንድ» አለ።

ዳቦ ቤት ይህን ቃል በየቀኑ ይለዋል። እዚህ ግን አፉ ውስጥ ትንሽ ቆየ።

ከዚያ እጁ ያለ ጌታው ፈቃድ ወደ ወፍራሙ ሄደ። አርባ ዓመት ጥጥ ሲጎርስ የኖረ እጅ ነው። በሁለት ጣት ቆነጠጠው፣ በመዳፉ ጫነው፣ ሚዛኑን ገመተ። ልቡ ሞላ።

«አባባ፣ እሱ ለበረዶ አገር ነው» አለች ሻጯ። «እርስዎ በሚሉት አየር ገብተውበት ቢተኙ ተቀቅለው ነው የሚያድሩት።»

ሁለተኛ ያሳየችው የዳክዬ ላባ የተሞላውን ነው። ተጠቅልሎ ከአንድ ዳቦ አይበልጥም፤ ሲያነሱት ያለም አይመስልም። ዋጋውን ሲያይ ዳክዬዋ ከነጫጩቶቿ የተሸጠች መሰለው። መልሶ አስቀመጠው። ሻጯም አልተከራከረችውም፤ ለላባ አልመክርዎትም፣ እርጥበት ከነካው ይጓጉላል፣ እርስዎ ደግሞ ውሃ ዳር ነው የሚያድሩት አለችው።

ሦስተኛው አመድማ ቀለም ያለው፣ ስስ፣ ርካሽ ነበር። ውስጡ ሰው ሠራሽ ጥጥ ነው። ሚዛን ላይ ስታወጣው ዘጠኝ መቶ ግራም መጣ። ከረጢቱ ላይ ሁለት ቁጥሮች ተጽፈዋል፤ አንዱ አሥር ዲግሪ፣ ሌላው አምስት። ሐይቅ ዳር ሌሊቱ ስንት ነው አለችው። ልጁ አሥራ ሁለት ብላዋለች።

«እንግዲያው ይበቃዎታል። ሌላ ሱቅ ትንሹን ቁጥር ነው የሚያሳዩዎት፤ አይመኗቸው። ትንሹ ሰው አይገድልም ለማለት ነው። የሚያስተኛው ትልቁ ነው።»

ቁመቱ እንዲለካ ጫማውን አስወልቃ ሱቁ መሃል ምንጣፍ ላይ አስተኛችው። ዚፑን እስከ አገጩ ሳበችለት። ፍራሽ ሰፊው ጣሪያውን እያየ ተጋደመ። ሁለት ገዢዎች ተራምደውት አለፉ። ሚስቱ በሕይወት ሳለች ሌሊት ሌሊት ብርድ ልብሱን ትገፈው ነበር፤ እሱ ይስባል፣ እሷ ትስባለች፣ ጠዋት ማን እንደጀመረ ይጨቃጨቃሉ። ይህንን ማንም አይገፈውም። የሚያለብስም ሰው አያስፈልገውም።

ሲነሳ ሻጯ የመጨረሻ ነገር አሳየችው። ስፌቱን ይመልከቱ አለች፤ ከላይ የገባው መርፌ ከታች አልወጣም። ውስጡ ሁለት ድርብ ነው፣ የአንዱ ስፌት በሌላው መሃል እንዲያርፍ ተደርጎ።

«ብርድ የሚገባው በስፌት ነው፣ አባባ።»

አርባ ዓመት ስፌት ሲሰፋ ኖሮ ስለ ስፌት ከልጅ ሊማር ነው። ሆድ ይፍጀው ብሎ ከፈለና ወጣ።

ቤቱ ሕንፃ ሥር ያለ ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው ሥራ ቤት ነው፤ የጥጥ ጆንያ፣ የተንጠለጠለ ሚዛን፣ ግድግዳው ላይ እንደ መጠናቸው የተሰኩ የፍራሽ መርፌዎች። ከረጢቱን የሥራ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ሱቁ ውስጥ አምኖት ነበር። እዚህ፣ ከጥጡ አጠገብ ሲያየው ግን እምነቱ ሟሸሸ። የፍራሽ ሙያ አንድ ሕግ አለው፤ ሚዛን የማያነሳ አያሞቅም። ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያደርገው ብርድ ልብሱን ማንሳት ነው። ሲከብደው ፈገግ ይላል። ደንበኛን ለአርባ ዓመት ያስደሰተ ክብደት ዛሬ እንዴት ጥፋት ይሆናል?

ሁለት ቀን በዚያ በኩል ሲያልፍ በመዳፉ ጫን ያደርገዋል። በሦስተኛው ቀን ምላጭ አነሳና የገበሩን ጠርዝ አንድ ክንድ ያህል ፈታ። ውስጡ ያገኘው ስስ ንጣፍ የሸረሪት ድር ይመስላል። በሱ ነው እንዴ የምታድረው አለ ለራሱ። እስከ ታች ፈታው። ከዚያ ካለው ጥጥ ነጩን መርጦ፣ በጣቱ አፍታቶ፣ በገበሩና በንጣፉ መሃል ሞላው፤ እንዳይጓጉልም እዚህም እዚያም ወጋ ወጋ አደረገው። እጁ ሥራ ካገኘ ቆይቶ ነበር። እያፏጨ እንደነበር የገባው ሲጨርስ ነው።

ሚዛኑ ላይ ሰቀለው። ሁለት ኪሎ ተኩል።

ከውሃውና ከምግቡ ጋር ቦርሳው ውስጥ ጠቅጥቆ ከተተው፤ ቦርሳው አልዘጋ አለ። በገመድ አሰረውና የሕንፃውን ደረጃ ሊሞክር ወጣ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆመ። ሦስተኛው ላይ ተቀመጠ። የጎረቤት ሴትዮ መወልወያዋን ይዛ ስትወርድ አገኘችው። ሊለቁ ነው እንዴ ጋሼ አለችው። ሽርሽር ነው አላት። ከላይ እስከ ታች አየችውና፣ እንዲህ ያለ ሽርሽር ለጠላት ነው የሚመኙት ብላ ወረደች።

እዚያው ደረጃው ላይ እንደተቀመጠ አሰበ። ሦስት ፎቅ እንዲህ ካደረገው፣ ሦስት ሰዓት አማቹን እውነተኛ ያደርገዋል።

ተመልሶ ጥጡን ማውጣት ጀመረ። ጥጡ ግን ብቻውን አልወጣም። ወጋ ወጋ ያደረገበት ክር ሲሳብ ያን ስስ ንጣፍ ይዞ ይቀደዳል፤ ጥጡ ሲለቀምም ንጣፉ እየተገነጠለ ይከተለዋል። ያልተገነጠለው ደግሞ ድጋፉ ስለተፈታ ሁሉም ወደ እግር ጫፍ ወርዶ ተከመረ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች፤ እሱም በገዛ እጁ አሳጠረ። ሱቁ ይህን አይመልስለትም። ሌላ ለመግዛትም እንዴት ብሎ ያቺ ልጅ ፊት ይቆማል?

የቀረውን በመዳፉ እኩል አድርጎ ዘረጋው። በቦታው የሚይዝበት አንድ ዘዴ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ከላይ የገባው መርፌ ከታች እንዲወጣ፣ ከታች የገባው ከላይ። ፍራሽ እንደዚያ ነው የሚጸናው። ሻጯ ያለችውን አልረሳም። እጁ ግን ሌላ አያውቅም። ከስንዝር ባነሰ ርቀት አንድ አንድ መስመር፣ ከደረት እስከ እግር፣ አሥራ አንድ መስመር ሰፋ። ሚዛን ላይ ወደ ዘጠኝ መቶ ግራም ተመለሰ። ያን ያህሉ በቃው።

በጉዞው ቀን አልቀረም። ከፊትም አልሆነም፣ ከኋላም አልሆነም፤ ከልጁ ጀርባ፣ ከአማቹ ፊት፣ በአንድ ዓይነት እርምጃ ሦስቱን ሰዓት ጨረሰው። ትንሿ ልጅ ከአባቷ ትከሻ ላይ ሆና ስንት ዓመትህ ነው፣ ጥርስህ የራስህ ነው ወይ እያለች ጠየቀችው፤ መለሰላት። አንድ ቦታ አማቹ ቦርሳውን ልያዝልዎት አለ። አይከብድም አለ። እውነቱን ነበር። ማታ እሳት ዳር አማቹ፣ የኔ አባት ቢሆን እዚያ ቁልቁለቱ ጋ ይቀር ነበር ሲል ሰማ። ፍራሽ ሰፊው እንጨት ጨመረ። ደስ ያለው ሰው እንጨት ይጨምራል።

ሌሊቱ አሥራ ሁለት ዲግሪ ነበር፣ እንደተባለው። ሻጯ አልዋሸችም፤ ቁጥሩም አልዋሸም። ብርዱ የገባው በአሥራ አንዱ መስመር ነው። ደረቱ ላይ አንድ፣ ወገቡ ላይ አንድ፣ ጉልበቱ ላይ አንድ፤ ቀዝቃዛ ክር የተጎተተበት ያህል እያንዳንዱን ለይቶ ያውቀው ነበር። ካልሲ ደረበ፣ ኮቱን ደረበ፣ ተኮራመተ። አንድ ጊዜ ወጥቶ እስከ ትልቁ ድንኳን ድረስ ሄደ። ውስጥ ሦስቱ ይተነፍሳሉ። ትንሿ ልጅ በእንቅልፍ ልቧ አንድ ነገር ስትል እናቷ ነይ ወደዚህ አለቻት። እጁን ወደ ሸራው ዘረጋ። ከከበደን ያለው ድምፅ መጣበት። እጁን ሰብስቦ ተመለሰ።

ሲነጋጋ ሙቀት ፍለጋ ዳር ዳሩን እየተመላለሰ ሳለ ልጁ ተነስታ አየችው። እንዴት አደርክ አለችው፤ እንዴት አደርሽ አላት። ከረጢትህን ላናፍስልህ ብላ ወደ ድንኳኑ ስትሄድ ተዪው አላት፤ አልሰማችም። ከረጢቱን ክንዷ ላይ አድርጋ ወጣች። ወደ ብርሃን አዞረችውና ቆመች። የልጅነት ብርድ ልብሶቿ ሁሉ በዚህ ስፌት የተሰፉ ናቸው፤ አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር።

«አባዬ፣ ይሄ የሱቅ ስፌት አይደለም።»

«አይደለም።»

«ከፍተኸው ነበር?»

«ውስጡ አነሰብኝ።»

አንድ እጇን ከውስጥ፣ ሌላውን ከውጭ አድርጋ በመስመሩ ላይ ሳበችው። መዳፎቿ ተገናኙ። በመሃላቸው ጨርቅ ብቻ ነበር።

«በርዶህ ነበር?»

ደህና ነኝ የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ነበር፤ አራት ዓመት የሠራበት ቃል። አማቹ የጫማው ክር እንደተፈታ ከድንኳኑ ወጥቶ ቆሟል፤ ይሰማል። ፍራሽ ሰፊው ልጁን አየ። የእናቷ ግንባር ነው ያላት፤ ስትጠብቅ የሚኮሳተር።

«በርዶኝ ነበር» አለ። «ሌሊቱን ሙሉ።»

«ታዲያ ለምን አልጠራኸኝም? ድንኳናችን እኮ አምስት እርምጃ ነው።»

«ሰባት ነው» አላት።

ልጁ ሁለቱን ድንኳኖች አየች። ሣሩ ላይ ጤዛ ወርዷል፤ ከትንሹ ድንኳን እስከ ትልቁ ሄዶ የተመለሰ የሰው እግር ጤዛውን አርግፎት ይታያል። ከረጢቱን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች።

አማቹ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አሰረ። ብዙ ጊዜ ወሰደበት። ቀና ሳይል፣ ዛሬ ማታ ከእኛ ጋር ነው የሚያድሩት፣ ትንሽ ይጠበን ይሆናል እንጂ አለ።

«አንኮራፋለሁ» አለ ፍራሽ ሰፊው።

«እናውቃለን» አለ አማቹ። «ትናንት ማታ ያጣነው ማንኮራፋትዎን ነበር። እሷ አባቴ አላንኮራፋም፣ አልተኛም ማለት ነው እያለች ነበር የተገላበጠችው።»

ፍራሽ ሰፊው ወደ ልጁ ዞረ። እሷ ፊቷን ወደ ውሃው መልሳ ነበር። ነቅታ ነበር ማለት ነው፤ በሸራው ወዲያ እሷ፣ በሸራው ወዲህ እሱ። ከረጢቱን ከእጇ ተቀበለና የሌሊቱን እርጥበት እንዲያወጣ ሊያሰጣው ፀሐይ የነካው ድንጋይ ፈለገ።