ወደ ላይ የዞረው ጥለት

ፈንታነሽ ከሞጣ በመጣች ቁጥር ቤቱ ሌላ ቤት ይመስላል። ዘንድሮ ለመስቀል ብቸና ስትገባ አረንጓዴ የቴትሮን ቀሚስ ለብሳ ቢጫ ሻሽ አስራ ነበር። እናቷ ወይዘሮ ይርጋነሽ ሻሹን በጣታቸው እየዳበሱ፣ «አደይ አበባ ራሷ መጣችልኝ» አሉ። ታናሽ እህቷ ታንጉት ሻንጣውን ተቀብላ ወደ ጓዳ አስገባች። ሻንጣው ከባድ ነበር።

የፈንታነሽ ባል ከፋለ ሞጣ ላይ የጨርቅ ሱቅ አለው። ሱቁ ውስጥ አዲስ ነገር ሲገባ መጀመሪያ የምትለብሰው ሚስቱ ናት። ታንጉት ያላት ነጭ ነው፤ የዘወትሩም ነጭ፣ የክቱም ነጭ። አምና ለልጃቸው ሊያዩዋት የመጡ ሴቶች ጠላ እየጠጡ ስለ ፈንታነሽ ቀሚስ ሲያወሩ ውለው ሄዱ። በኋላ አንደኛዋ «ለመሆኑ ታናሺቱ የትኛዋ ነበረች?» ማለቷ ከታንጉት ጆሮ ደርሷል።

ዘንድሮ የሚመጡት ግን ወይዘሮ ወለተ ሐና ናቸው፣ ከደብረ ወርቅ። ልጃቸው ያየህ እዚሁ ብቸና አስተማሪ ነው። ታንጉትን አንድ ቀን ወንዝ ዳር አግኝቷት፣ በየቀኑ የሚሄድበትን መንገድ ወዴት እንደሚያደርስ ጠይቋት ነበር። እሷም ዝም ብላ በእጇ አመለከተችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው አላሰበችም።

ስለዚህ ክረምቱን ሥራ ነበራት። ፈንታነሽ አሮጌ ቀይ ሹራቧን ለመወልወያ ትታው ሄዳ ነበር። ክርኑ ተበልቷል፣ ደረቱ ግን ደህና ነው። ታንጉት ተረተረችው፣ ክሩን አጥባ በዱላ ላይ ጠምጥማ አደረቀችው። ቢጫ ስላልነበራት ከፈተለችው ጥጥ ቀንሳ በእርድ ነከረችው። ሸማኔው ገብረ ኪዳን ክሩን በመዳፉ መዘነና፣ «ለነጠላሽ አንድ ጫፍ ይበቃል። ለሌላው ሌላ ሹራብ ፈልጊ» አላት። ሌላ ሹራብ አልነበረም።

የመስቀል ዕለት አዲሱን ነጠላ ለብሳ ወጣች፤ ለበዓል እንደሚለበሰው ጥለቱን ወደ ታች አድርጋ። ቀዩም ቢጫውም ሣር ለሣር ሲጎተት ዋለ። ሰው የሚያየው ፊት ነው፤ ፈንታነሽ ደግሞ ቢጫዋን ግንባሯ ላይ አስራዋለች። ማታ እናቷ የተናገሩት፣ «ታንጉት፣ ጫፉን ጭቃ አስነካሽው» የሚለውን ብቻ ነው።

በማግስቱ ፈንታነሽ ደጃፉን ደጃፉን እያየች አረፈደች። ከፋለ ከአዲስ አበባ ዕቃ ጭኖ ለመስቀል ይደርሳል ተብሎ ቀርቷል።

«የዓባይ ቁልቁለት ተንዶ እንደሆነስ?»

«ጎማ ፈንድቶበት ይሆናል፤ አታሟርቺ» አሉ እናቷ።

ታንጉት ጓዳ ገብታ የእህቷን መስተዋት አነሳች። ነጠላውን ገለበጠችና ጥለቱን ወደ ትከሻዋ፣ አንገቷ ሥር አመጣችው። ጥለት ወደ ላይ የሚዞረው ለለቅሶ እንደሆነ አጥታው አይደለም። ለማየት ያህል ነበር። ቀዩ ጉንጯ ላይ አረፈ፣ ቢጫው ዓይኖቿን አበራቸው። የፈንታነሽን ድምፅ ከጓዳው ውጭ እየሰማች፣ እኔም እኮ፣ አለች በልቧ።

«ታንጉት፣ በር ክፈቺ፤ ሰው ይጣራል» አሉ እናቷ ከማድቤት።

እንደ ለበሰች ወጣች።

ወይዘሮ ወለተ ሐና የማር ቅል ይዘው ቆመዋል። ፈገግ ብለው ነበር፤ ትከሻዋን ሲያዩ ፈገግታቸው ጠፋ። ማሩን ወደ ጀርባቸው ደበቁት።

«አዬ ልጄ፣ ሳንሰማ ቀረን። እግዜር ያጽናችሁ። ማንን አጣችሁ?»

ታንጉት ለእንግዳ ቶሎ መመለስ አትችልም። ዝም አለች። ዝምታዋ በቃ፤ ከኋላዋ ፈንታነሽ «ከፋለን» አለች፣ ሳትጮህ፣ ግድግዳውን ተደግፋ መደቡ ላይ ቁጭ አለች። ሻሹ ዓይኗ ላይ ወረደ።

ወይዘሮ ይርጋነሽ እየሮጡ መጥተው ልጃቸውን አቀፉ። እንግዳዋም ጎንበስ አሉባት። ታንጉት ብቻዋን ቆማ ቀረች፤ በዚህች ሰዓት እንኳ ሁሉም የሚያየው ፈንታነሽን መሆኑን አስተዋለች። ወዲያው ደግሞ የእህቷን ከንፈር አየች፤ አመድ መስሏል።

«ማንም አልሞተም» አለች። ድምፅዋ ቀጭን ሆነ። «እታለም፣ ወሬ አልመጣም። ጥለቱን... ለፊቴ ፈልጌው ነው። ታች ሆኖ ማንም አላየልኝም። አንቺ ቢጫ አስረሽ ሁሉም ያይሻል።»

በእንግዳ ፊት ይህን ያህል ተናግራ አታውቅም። ፈንታነሽ ሻሿን ከዓይኗ ገፋ አድርጋ ቀዩን ክር ተመለከተችው።

«የኔ ሹራብ ነው» አለች፤ እያለቀሰች ሳቀች። «በገዛ ሹራቤ ልትገድይኝ።»

ወይዘሮ ይርጋነሽ ተቆጡ፣ ማሉ፣ ውሃ አምጥተው ፈንታነሽን በእጃቸው አጠጧት። ወይዘሮ ወለተ ሐና ማሩን ከጀርባቸው አውጥተው መደቡ ላይ አስቀመጡ። ከዚያ የታንጉትን ጥለት ወደ ብርሃን ሳብ አደረጉት።

«ቢጫው ምንድን ነው?»

«እርድ ነው።»

«ሲታጠብ ይለቃል።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያ ሳይታጠብ ሰርጉ ይድረስ» አሉና ነጠላውን ከትከሻዋ አንስተው፣ ጥለቱን በገዛ እጃቸው ወደ ታች አዞሩት።

ታንጉት ደስ አላት። ደስ እያላት ግን ዓይኗ ወደ መደቡ ሄደ፤ እናቷ የፈንታነሽን ሻሽ ከጆሮዋ ኋላ እያስተካከሉ ነበር።

ከፋለ አመሻሽ ላይ አቧራ ለብሶ ደረሰ። እውነትም ጎማ ነበር። ከጋቢናው ወርዶ መጀመሪያ ያወጣው ለሚስቱ የገዛውን ሰማያዊ ሹራብ ነው። ፈንታነሽ እዚያው ለበሰችው፣ ሰውም መረቀላት።

ታንጉት ከበሩ አጠገብ ቆማ የሹራቡን ክርን አየችው። ጠንካራ ነው፤ ቶሎ አይበላም።