ብዙነሽ ያነበበቻቸው አምስት መስመሮች

ብዙነሽ ትምህርት መጀመሯን ለልጇ አልነገረቻትም። ከጎረቤቷ ከብርቱካን ጋር መርሳ ዋናው መንገድ ዳር ፓፓያና ማንጎ ሲሸጡ ይውላሉ፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቅርጫታቸውን አንድ ሱቅ ያስጠጉና ደብተራቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ወደ ጎልማሶች ክፍል ይሄዳሉ። ብዙነሽ ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ልጇ ማህሌት ኮሌጅ ስትመዘገብ ወላጅ ይፈርም ተብሎ፣ ሰው ሁሉ እያየ ጣቷን ቀለም ውስጥ ነክራ ነበር። ቀለሙ በሦስተኛው ቀን ለቀቀ፤ እፍረቱ ግን አልለቀቀም። አንድ ቀን በልጇ ፊት ብዕር ይዛ ስሟን ልትጽፍ ለራሷ ቃል ገብታለች። እስከዚያው ምስጢር ነው።

አስተማሪያቸው ሀስና ያገኛችሁትን ሁሉ አንብቡ ትላቸዋለች፤ የሱቅ ስምም ይሁን የመድኃኒት ካርቶን። ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ፣ አፍ ያልለመደውን ዓይን አይለምደውም ትላለች። ብዙነሽም ድምፅ ሳታወጣ ማንበብ አትችልም። ፊደሉን በጣቷ ትይዘዋለች፣ በአፏ ትጠራዋለች፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ትሻገራለች። መስመሩ ሲያልቅ መጀመሪያው ምን እንደነበር ጠፍቶባታል።

ማህሌት ወልድያ በሚገኝ አንድ የገበሬዎች ዩኒየን የኮምፒውተርና የኔትወርክ ባለሙያ ናት። የውርጌሳ፣ የግራናና የሐራ ቅርንጫፎች ኢሜይላቸው እምቢ ሲል ወይም ፕሪንተራቸው ሲያኮርፍ የሚደውሉት ለእሷ ነው። ልጅሽ ምን ትሠራለች ሲሏት ብዙነሽ «የተጣላ ሽቦ ታስታርቃለች» ብላ ትመልሳለች።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማህሌት ላፕቶፗን ጠረጴዛው ላይ ከፍታ ትሠራ ነበር። የግራናው መጋዘን ሠራተኛ ኢዘዲን ለሰው ኃይል ክፍል የላከው ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ተመልሶበት፣ እባክሽ አድርሽልኝ፣ ለሰው ግን እንዳታሳዪብኝ ብሎ ለእሷ ልኮላት ነበር። ለምን እንደተመለሰ ለማወቅ ደብዳቤውን ከፈተችው። ይሄኔ ስልክ ተደወለ፤ የውርጌሳ ራውተር ቀይ መብራት አብርቶ ቀርቷል። ቤት ውስጥ ድምፁ ስለሚቆራረጥ ስልኳን ይዛ ወደ ግቢ ወጣች። ቢሮ ሲሆን ከወንበሩ ተነስቶ ስክሪኑን ያልቆለፈ ሰው ካየች እንደ ልጅ ትቆጣዋለች። ቤቷ ግን ማን አለና? ማንበብ የማትችል እናቷ ብቻ።

ብርቱካን የተበደረችውን ወንፊት ልትመልስ የገባችው በዚያው ጊዜ ነው። ሁለቱ ተያዩ። ስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍ የደብተራቸውን ፊደል ያህል ጎላ ብሏል።

«እስቲ ሞክሪው፤ ባለፈው ሰሌዳ ላይ ያንቀጠቀጠሽ ይውጣልሽ» አለች ብርቱካን።

ብዙነሽ ጣቷን ዘረጋች። «የ… ዓይ… ኔ… ብር… ሃን…» አምስት መስመር ዘለቀች። የትም ቦታ ተይዛ አልቀረችም፣ ማንም አላገዛትም። በመጨረሻ «ኢ… ዘ… ዲን» ብላ ስትጨርስ ግንባሯን ላብ አጥምቆት ነበር። ደስታው ስላጥለቀለቃት ያነበበችው ነገር ምን እንደሚል አላሰበችም፤ ብርቱካን ዝም ማለቷንም ልብ አላለችም። ብርቱካን ፊደል የመልቀም ጣጣ አልነበረባትም፤ ቁጭ ብላ ስለሰማች ሁሉም ገብቷታል። እህቷ ደግሞ የምትኖረው ግራና ነው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። በአራተኛው ቀን፣ ረቡዕ፣ ማህሌት ከወልድያ ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ራቷን ገፍታ ለሥራ ባልደረባዋ ለይላ ደወለች። ብዙነሽ ጥግ ላይ ሆና ጥጥ እየፈተለች ነገሩን ሰማች። ኢዘዲን ዓይኑ እየደከመ መሆኑን ለማንም ሳይናገር ለቢሮው ብቻ ጽፎ ነበር። አሁን የግራና ገበያ ሁሉ ያወራዋል፤ ኒካ ሊያስሩለት ቀን የቆረጡት የእጮኛው ቤተሰቦችም ሽማግሌ ልከው «እውነት ነወይ» ብለው ጠይቀውታል። ማህሌት ሦስት ቀን ሙሉ ሌባ ስትፈልግ ከርማለች፤ ፓስወርዱን ሁሉ ቀይራለች፣ ግራና ድረስ ሄዳ ሽቦውን ፈትሻለች። ከውጭ የገባ ሰው የለም። ደብዳቤውን የከፈተው በእሷ ስም የተመዘገበ ኮምፒውተር ብቻ ነው። ሥራ አስኪያጁ አቶ ማሩ እስከ ዓርብ ቀን ሰጥተዋታል፤ «ወይ ቀዳዳውን አሳዪን፣ አለዚያ ቀዳዳው አንቺ ነሽ» ብለዋታል።

«ኢዘዲን የጻፈውን እስቲ ስሚልኝ» ብላ ማህሌት ለለይላ አነበበችላት። «የዓይኔ ብርሃን በየወሩ እየቀነሰ በመሄዱ…»

የብዙነሽ እንዝርት ከእጇ ወደቀ። ቃሉን አወቀችው። እየተንተባተበች በጣቷ ስር አንድ በአንድ አሳልፋዋለች፤ በእሷ አፍ የፊደል ድርድር የነበረው አሁን በልጇ አፍ ሰው ሆኖ መጣ።

«ቤት ውስጥ ደግሞ ማን አለ ብለሽ ነው ለይላ?» አለች ማህሌት። «እማዬ ናት። እሷ ደግሞ ማንበብ አትችልም።»

ያን ቃል ስትሰማ ብዙነሽ ለአንድ አፍታ እፎይ አለች። ከዚያ እፎይ ማለቷ ራሱ አሳፈራት። ዕድሜዋን ሙሉ አንገቷን ያስደፋት ነገር ዛሬ መጠለያ ሆኖላት ነበር። ዝም ብትል ማንም አይጠረጥራትም። ደብተሩን ምድጃ ትከተዋለች፣ ብርቱካንም ለራሷ ስትል አትናገርም። ልጇ ግን ዓርብ ሥራዋን ታጣለች፤ ስሟም ከሥራዋ ጋር ይሄዳል። «ምስጢር አውጪ» የተባለን ሰው የትኛው ቢሮ ኮምፒውተሩን ያስነካዋል?

ማህሌት ስልኩን ዘግታ ለአቶ ማሩ የምታቀርበውን ሪፖርት መጻፍ ጀመረች። ብዙነሽ ተነስታ ከኋላዋ ቆመች። በመጨረሻ በልጇ ትከሻ ላይ አልፋ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አኖረች።

«ለ… ዩኒ… የኑ… ሥራ… አስ… ኪያጅ…»

ማህሌት አልዞረችም። ጣቱ መስመሩን እስኪጨርስ ጠበቀች። ከዚያ ስትዞር እናቷ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እማ?»

«ከመስቀል ወዲህ። ላስደስትሽ ብዬ ነበር።» ቀሪውን፣ የብርቱካንንም ነገር፣ መሬት መሬት እያየች ነገረቻት።

ማህሌት አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። «ሌሎቹን የምቆጣው እኔ ነኝ» አለች ቀስ ብላ። «ስክሪኑን ያልቆለፍኩት አንቺን እንደ ግድግዳ ቆጥሬ ነው።» ሁለቱም አለቀሱ፤ ግን አንዷ ሌላዋን ማባበል አልቻለችም።

ዓርብ ጠዋት ሁለቱም በአንድ ሚኒባስ ወልድያ ሄዱ። ማህሌት እናቷ እንዳትመጣ ለምናት ነበር፤ እኔ ብቻዬን እናገረዋለሁ ብላ። ብዙነሽ እምቢ አለች። አቶ ማሩ ቢሮ ውስጥ ኢዘዲንም ተጠርቶ ተቀምጧል፤ ሠላሳ ዓመት የማይሞላው፣ ቀጭን፣ ሰው ሲያናግረው አንገቱን ዘንበል የሚያደርግ ወጣት። ማህሌት ጥፋቱ የእሷ መሆኑን ተናገረች። ብዙነሽ ደግሞ ተነስታ ምንም ሳታስቀር ሁሉንም ተናገረች። አቶ ማሩ ሰምተው ሲጨርሱ ጸሐፊያቸውን አስጻፉ፤ ማህሌት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ትወስዳለች፣ ሥራዋ ላይ ግን ትቆያለች። ወረቀቱ ላይ ሁሉም እንዲፈርሙ ተባለ። ጸሐፊዋ ብዙነሽን አየት አደረገችና የቀለሙን ሳጥን ወደ እሷ ገፋችው።

ብዙነሽ ሳጥኑን መለሰችላትና ብዕር ጠየቀች። ስሟን ልትጽፍ ስታጎነብስ ኢዘዲን እጁን ዘረጋ።

«ቆይ እማማ። እኔም የምፈርምበት ወረቀት ነው፤ ምን እንደሚል ልወቅ።» ወረቀቱን ወደ ፊቱ አስጠጋ፣ አራቀ፣ ተወው። «ዓይኔ እንዴት እንደሆነ አሁን አገር አውቆታል። ያኔ ያነበቡት እርስዎ ነዎት፤ ይህንንም ያንብቡልኝ።»

በድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ እሷ ግን ቁጣውን ፈለገችው። «አፉ በለኝ ልጄ» አለች።

«እሱን ሲጨርሱ እንነጋገርበታለን። ያንብቡ።»

ጣቷን የመጀመሪያው ፊደል ላይ አኖረች። ማህሌት ወለሉን ታያለች። «ወይ… ዘሮ… ብዙ… ነሽ…» አለች። የገዛ ስሟ ነበር። ቀጥሎ ያለው የሠራችው ነው። በዚህ ጊዜ አልቸኮለችም፤ አንዱን ቃል ሳትረዳው ወደሚቀጥለው አልተሻገረችም። ጉንጯ እየነደደ፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ፣ ኢዘዲን በደንብ እንዲሰማ ከፍ አድርጋ እስከ መጨረሻው መስመር አነበበችለት።